ባህላችን ነው

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሥራ የፈታ አበሻ መካሪ አያጣም። «ኡበር ንዳ» ይሉታል። መኪና ከሌለው «ሆም ኬር ግባ» ይሉታል፤ አረጋውያንን ቤታቸው ሄዶ መንከባከብ ነው። እኔ መኪና የለኝም።

ኢንተርቪው የገባሁት ደረቴን ነፍቼ ነው። አረጋዊ ማክበር ለእኛ ማን ያስተምረናል! ታክሲ ውስጥ ወንበር ስንለቅ ያደግን ልጆች ነን። ጠያቂዋ «ልምድ አለህ?» ስትለኝ «አያቴን ጦሬያለሁ፤ ባህላችን ነው» አልኳት። ፊቷ በራ። እዚያ ላይ ብታቆም ጥሩ ነበር።

«ገላቸውን ታጥባቸው ነበር?»

የምታጥባት እህቴ ነበረች።

«ዳይፐር መቀየርስ?»

እሱንም እህቴ። (ዳይፐር እንኳ አልነበረም፤ ጨርቅ ነው።)

«ጀርባቸው እንዳይቆስል በየ2 ሰዓቱ ማገላበጡስ?»

ሌሊት ሌሊት እህቴና ሠራተኛችን ሲንጎዳጎዱ እሰማ ነበር። ብርድ ልብሱን ጆሮዬ ላይ እስክስብ ድረስ ማለቴ ነው።

ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ታዲያ አንተ ምን ነበር የምታደርገው?»

እውነቱን ለመናገር፣ ጠዋት ስወጣ ጉልበቷን እስማለሁ። እሷ ትመርቀኛለች። «እደግ፣ ተመንደግ፣ ጧሪዬ! የነካኸው ይባረክ!» ምርቃቷ ረጅም ስለሆነ አንዳንዴ ሥራ ያረፍድብኛል። ይሄኔ እህቴ ሳፋ ተሸክማ በአጠገባችን ታልፋለች። የእሷ ድርሻ «አንቺ ልጅ፣ ውሃው ቀዝቅዟል» ነው።

ይህ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል? «ሞራል እሰጥ ነበር» አልኩ። ሴትዮዋ አንዲት መስመር ጻፈች። አጎንብሼ አየሁ፤ «ጨዋታ ይችላል» ዓይነት ነገር ናት።

ለማንኛውም ተቀጠርኩ። ሰው ጠፍቶ መሆን አለበት። የቲቢ ምርመራና አሻራ አለ፤ ከዚያ 75 ሰዓት ሥልጠና። ሜዲኬር (የመንግሥት የአረጋውያን ጤና መድን) ለሚከፍላቸው ድርጅቶች የፌዴራሉ ሕግ ከዚያ በታች አይፈቅድም አሉ።

ማታ አዲስ አበባ እህቴ ጋ ደወልኩ። ክፍል ከመግባቴ በፊት ትንሽ ልዘጋጅ ብዬ ነው።

«ስሚ፣ ሰው ሲታጠብ የውሃው ሙቀት በምንድን ነው የሚታየው?»

ከት ብላ ሳቀች። «በክርንህ ነዋ! ምነው፣ ወለድክ እንዴ?»

ነገሩን ነገርኳት።

«እና ለዚህ ይከፍሉሃል?»

«አዎ፣ በሰዓት ነው።»

ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» ማለት ጀመርኩ።

«አለሁ፤ እያሰላሁ ነው» አለችኝ። «እማማን ያስታመምኳት 6 ዓመት ነው አይደል? ሌሊቱም ይቆጠራል?»