ምርጫው ደርሷል፣ የሚመልስልን ግን አጣን

ወገን፣ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2025 ሐሙስ ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ የፕሮቪንስ (የክፍለ አገር) ምርጫ አለ። ይህን ብዬ የምጀምረው ብዙ ሰው ስላላወቀ ነው። ሰሞኑን ያገኘሁትን የኛን ሰው ሁሉ ስጠይቅ ግማሹ "የምን ምርጫ?" ይለኛል። ሌላው ደግሞ "ትሩዶን የሚተካውን ነዋ!" ይላል። አይደለም! ጠቅላይ ሚኒስትር ትሩዶ ጃንዋሪ ላይ እለቃለሁ ስላሉ ሊበራል ፓርቲው ማርች 9 የራሱን መሪ ይመርጣል፤ ያ የፌደራል ጉዳይ ነው። ይሄኛው የኦንታሪዮ ነው። ትራምፕ በካናዳ ዕቃ ላይ እጥላለሁ የሚሉት ታሪፍ አለ፣ የትሩዶ ወሬ አለ፣ ቤታችን ሌሊቱን ሙሉ የሚያመሸው የአገር ቤት ፖለቲካ አለ። በዚህ ሁሉ ጫጫታ መሃል ሆስፒታላችንን፣ የልጆቻችንን ትምህርት ቤት፣ የቤት ኪራያችንንና የሰዓት ክፍያችንን የሚወስነው ምርጫ ሹልክ ብሎ ሊያልፍ ነው። ሆዴን ያሳረረኝ ይሄ ነው።

ሰዉ ባያውቅ አልፈርድበትም። ምርጫው በደንቡ መሆን የነበረበት በ2026 ጁን ላይ ነበር። ሙቀት፣ ረጅም ቀን፣ ሰው ከቤቱ የሚወጣበት ወር። መንግሥት ፓርላማው ውስጥ አብላጫውን በሰፊው ይዟል፤ የሚጥለው አልነበረም። የኦንታሪዮ መንግሥት መሪ (ፕሪሚየር) ዳግ ፎርድ ግን ትራምፕን ለመቋቋም ጠንካራ የሕዝብ ውክልና ያስፈልገኛል ብለው ጃንዋሪ 28 ምርጫ ጠሩ። ከጥሪው እስከ ድምፅ መስጫው አንድ ወር ነው። ወጪው 189 ሚሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ተገምቷል። ኦንታሪዮ ክረምት ላይ ምርጫ አድርጋ የምታውቀው ለመጨረሻ ጊዜ በ1981 ነው፤ እሱም ማርች ውስጥ ነበር።

ታሪፉን አልንቅም። ዊንዘር መኪና ፋብሪካ የሚሠሩ ዘመዶች አሉኝ፣ ሌሊት እንቅልፍ አጥተዋል። ግን ያ ውክልና እኮ በእጃቸው ነበር። አሁን በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ በረዶ ወርዶብን፣ የእግረኛው መንገድ እንደ ግንብ በተቆለለ በረዶ ተዘግቶ፣ አሮጊትና ሽማግሌ ለፋርማሲ እንኳ መውጣት ሲያቅታቸው፣ ወጥታችሁ ምረጡ እየተባልን ነው። የእጩዎቹ ፖስተር ራሱ በረዶው ውስጥ እስከ አንገቱ ተቀብሯል፤ ስማቸውን ማንበብ አይቻልም።

ከዚያ ደግሞ የፕሮቪንሱ መንግሥት የላከልን ቼክ አለ። 200 ዶላር ለእያንዳንዱ አዋቂ፣ 200 ለእያንዳንዱ ልጅ፣ ምርጫው በተጠራበት ሰሞን በየፖስታ ሣጥናችን ገባ። የተቀበለ ሰው ላይ ምንም አልልም፤ እኛም አስገብተነዋል፣ ኪራይ ያለበት ሰው ገንዘብ አይመልስም። ግን ቁጥሩን ጎን ለጎን እዩት። ለቼኩ የወጣው ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል። ምርጫው ሊጠራ አንድ ቀን ሲቀረው ደግሞ መንግሥት ሐኪም ለሌለው ሁሉ ሐኪም አገናኛለሁ ብሎ አንድ ዕቅድ አወጣ፤ ገንዘቡ ስንት ነው? 1.8 ቢሊዮን፣ እሱም ለአራት ዓመት። አንድ ጊዜ ተበትኖ የሚያልቀው ቼክ ከአራት ዓመቱ የሐኪም ዕቅድ በለጠ ማለት ነው! በ2022ም ከምርጫው በፊት የታርጋ ስቲከር ክፍያ ቀርቶ የከፈልነው በቼክ ተመልሶልን ነበር። ያኔም ደስ ብሎን ዝም አልን።

የሐኪሙ ነገር ዝም የሚያሰኝ አይደለም። በኦንታሪዮ የቤተሰብ ሐኪሞች ኮሌጅ የ2024 ግምት 2.5 ሚሊዮን ሰው ፋሚሊ ዶክተር አልነበረውም። በዚሁ በጃንዋሪ ዎከርተን በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ ሐኪም የመጀመሪያዎቹን 500 ሰዎች እቀበላለሁ ቢል፣ ሕዝቡ ገና ሳይነጋ በበረዶ ላይ ተሰለፈ፤ መቶዎች ሳይደርሳቸው ተመለሱ። ካናዳ ውስጥ ነው ይሄ የሆነው።

ጎረቤቴ የሆኑ እናት ስኳርም ደም ግፊትም አለባቸው። ለዓመታት ያዩዋቸው ሐኪም ጡረታ ወጡ፣ የሚተካቸው ጠፋ። አሁን ያለ ቀጠሮ የሚገባበት ክሊኒክ (ዋክ ኢን) በሄዱ ቁጥር አዲስ ሰው ነው። የመድኃኒቶቻቸውን ብልቃጥ በሙሉ በፌስታል አድርገው ይሄዳሉ፤ ሐኪሙ እያወጣ ያነባል፣ ከመጀመሪያው ይጠይቃቸዋል። የሚያስተረጉምላቸው የልጅ ልጃቸው ነው፣ ገና ሰባተኛ ክፍል። ያ ልጅ ስለ አያቱ ሽንት፣ ስለ አያቱ ሆድ ድርቀት ለማያውቀው ሰው ሲናገር አንገቱን ደፍቶ ነው። እሳቸውም ያፍሩና ግማሹን ሳይናገሩ ይመለሳሉ። ያልተናገሩት ነገር ነው በኋላ ኢመርጀንሲ የሚያስተኛቸው፤ እዚያ ደግሞ ኮሪደር ላይ ነው የሚተኙት። በ2018 ፎርድ ሲመረጡ የኮሪደር ሕክምናን አስቀራለሁ ብለው ነበር። እውነት ለመናገር ከሳቸው በፊት 15 ዓመት የገዙት የኦንታሪዮ ሊበራሎችም ችግሩን አልፈቱትም፣ ይዘውት ነው የወጡት። ስለዚህ አሁን መጥተው እኛ እንሻላለን የሚሉትም ጥያቄ አለባቸው።

ኪራይ ላይ ልምጣ። ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። ኦንታሪዮ ውስጥ አከራይ በዓመት የሚጨምረው ገደብ አለው፤ በ2025 2.5 ከመቶ ነበር። ነገር ግን ከኖቬምበር 15 ቀን 2018 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የገባበት ቤት ከገደቡ ውጪ ነው። ይህን ያደረገው የፕሮቪንሱ መንግሥት ነው፣ ፌደራሉ አይደለም፣ ከተማውም አይደለም። እኛ ያለንበት ኮንዶ አዲስ ነው፤ ስንገባ መስኮቱ ሰፊ ነው፣ ሊፍቱ አይበላሽም ብለን ደስ ብሎን ነበር። አምና አከራያችን ሕጉ በሚለው በ90 ቀን ማስጠንቀቂያ ወረቀት ሰጠንና በወር 350 ዶላር ጨመረ። ሕጋዊ ነው ወይ ብለን ጠየቅን። ሕጋዊ ነው! ከመንገዱ ማዶ አሮጌው ሕንፃ ውስጥ ያለችው ጓደኛዬ ያንኑ ዓመት የተጨመረባት ሃምሳ ዶላር እንኳ አልሞላም። ኪራዩን ለመሙላት ባለቤቴ የእሁድ ሺፍት ጨመረ። ልጆቹ አባታቸውን እሁድ ማየት ተውት።

የሰዓት ክፍያውም እንደዚሁ ነው። ዝቅተኛው ደመወዝ በ2019 ጃንዋሪ 1 ወደ 15 ዶላር ሊገባ ሕግ ወጥቶ ነበር፤ መንግሥት ሲለወጥ ተሰረዘና 14 ላይ ቆመ። በ2025 መጀመሪያ 17.20 ነበር። መጋዘን ውስጥ በኤጀንሲ የሚሠራ ሰው፣ ነርሲንግ ሆም ሌሊት የሚያድር ሰው፣ ያ የቀረበት ገንዘብ ምን እንደነበር ያውቃል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ይዤ እጩዎቹን ልጠይቅ ሄድኩ። በኛ ምርጫ ወረዳ የነዋሪዎች መድረክ ተዘጋጅቶ ነበር። ከሥራ እንደወጣሁ፣ ዩኒፎርሜን ሳልለውጥ፣ በበረዶ ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ ደረስኩ። ከእጩዎቹ አንዱ አልመጣም። ስሙ የተጻፈበት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ቆሟል፣ የታሸገ ውሃ ተቀምጦለታል፣ ወንበሩ ባዶ። ይቅርታ የጠየቀ እንኳ የለም። የመጡትም አንድ አንድ ደቂቃ እየተሰጣቸው በፍጥነት ተናገሩ። ጥያቄያችንን ወረቀት ላይ ጽፈን ሣጥን ውስጥ እንድንከት ተደረገ፤ ጥቂቱ ወጣ፣ የኔ አልወጣም። ጥያቄዬ አንድ መስመር ነበር፦ የ2018ቱን የኪራይ ሕግ ትለውጣላችሁ ወይስ አትለውጡም? አዎ ወይም አይ። ይህን ለመስማት ነው የሄድኩት።

ትናንት ማታ ደግሞ አራቱ የፓርቲ መሪዎች፣ ፎርድ፣ የኤንዲፒዋ ማሪት ስታይልስ፣ የሊበራሏ ቦኒ ክሮምቢና የግሪኑ ማይክ ሽራይነር፣ በቴሌቪዥን ተከራከሩ። ቁጭ ብዬ አየሁት። ታሪፍ፣ አሁንም ታሪፍ። ስለ ሐኪም ሲነሳ እርስ በርስ ተቋረጡ። እንደኔ ያለ ሰው ማይክ የሚይዝበት ቦታ አልነበረም።

ሊጠይቁን ሲፈልጉ ግን የት እንዳለን ያውቃሉ። ጥምቀት ላይ አደባባይ ይመጣሉ። ነጠላ ይደረግላቸዋል፣ "ሰላም" ማለት ተለማምደዋል፣ ከካህናቱ ጋር ፎቶ ይነሳሉ። ቶሮንቶ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ምግብ ቤት ገብተው እንጀራ ሲቆርሱ ይቀረጻሉ፣ በዚያው ቀን ፌስቡክ ላይ ይለጠፋል። ሽማግሌዎቻችን ያከብሯቸዋል፣ እንግዳ ነው ብለው ከፊት ያስቀምጧቸዋል። ማክበሩ ባህላችን ነው፣ እሱን አልተውም። ግን ከፊት የተቀመጠ እንግዳ አንድ ጥያቄ ቢጠየቅ ምን ነውር አለው? የማኅበራችን መሪዎች፣ እባካችሁ፣ ፎቶው ከመነሳቱ በፊት አስር ደቂቃ ለጥያቄ ስጡን። እናቶች ሐኪም የላቸውም በሉ። የውጭ አገር ዲግሪ ይዞ ታክሲ የሚነዳውን ልጅ አስነሱና ይናገር። አልመልስም ካለ ያኔ ፎቶው ይቅር።

"የኛ ድምፅ ምን ይለውጣል" የምትሉኝን ደግሞ ይህን ስሙኝ። በ2022 የመረጠው ከመቶ 44 ሰው ብቻ ነው። ከዚያ ውስጥ ያሸነፈው የፎርድ ፓርቲ ያገኘው ከመቶ 41 ያህሉን ሲሆን፣ ከ124 ወንበር 83ቱን ወሰደ። አስሉት፤ መምረጥ ከሚችለው ሕዝብ ከአምስት ሰው አንዱ እንኳ ሳይመርጣቸው ነው ሙሉ ሥልጣን የያዙት። ቤቱ የቀረው ሰው ነው ከሁሉም ፓርቲ የሚበዛው። እኔ ለማን ምረጡ አልላችሁም፣ ለፈለጋችሁት ስጡ። ግን አገር ቤት ስንት ሰው ለድምፁ ሲል የከፈለውን እያወቅን፣ እዚህ ማንም ሳይከለክለን ብንቀር ያሳዝነኛል። ዜግነት ሳይሆን ፒአር (ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ) ብቻ ያላችሁ ደግሞ አላችሁ፤ ታክስ እየከፈላችሁ፣ ኪራዩ እየጨመረባችሁ፣ መምረጥ አትችሉም። ለናንተም ጭምር ነው እኛ መሄድ ያለብን።

የሚሠራውን ነገር ልንገራችሁና ልጨርስ። ሐሙስን መጠበቅ የለባችሁም፤ ቅድመ ምርጫ ከፌብሩዋሪ 20 እስከ 22 አለ፣ ቅዳሜም ይጨምራል። ለሺፍት ሠራተኛ ይሄ ይሻላል። ሐሙስ ለምትሄዱ፣ ጣቢያው ከጠዋቱ ዘጠኝ ኤኤም እስከ ማታው ዘጠኝ ፒኤም ክፍት ነው። በዚህ ሰዓት ውስጥ ሦስት ተከታታይ ሰዓት ነፃ ካልሆናችሁ አሠሪያችሁ ስትጠይቁት ሊሰጣችሁ ግዴታ አለበት፣ ከክፍያችሁም መቁረጥ አይችልም። ሱፐርቫይዘራችሁን ከአሁኑ ጠይቁ፤ የዚያን ዕለት ጠዋት አይሆንም። የመራጭ ካርድ በፖስታ አልመጣልኝም ብላችሁ አትቅሩ። የኛ ሕንፃ ፖስታ ክፍል መሬቱ ላይ የለቀቁ ሰዎች ካርድ ወድቆ ያለባለቤት ይረገጣል፣ ያሉት ሰዎች ደግሞ አልደረሳቸውም። ስማችሁና አድራሻችሁ ያለበት መታወቂያ ይዛችሁ ከሄዳችሁ እዚያው ይመዘግቧችኋል። የአባት ስም ከራስ ስም ተቀላቅሎባችሁ፣ ወይም ፊደሉ ተሳስቶ ካገኛችሁትም እዚያው አስተካክሉ፤ በዚህ የተነሳ አፍራችሁ እንዳትመለሱ።

ያ ሐሙስ የዐቢይ ጾም መጀመሪያ ሳምንት ነው። ጾመው፣ በዚያ በረዶ ላይ በእግራቸው ሊሄዱ የማይችሉ እናቶችና አባቶች አሉ። ቅዳሜ 22 ከሥራ ውጪ ነኝ፣ መኪናችንም ቤት አለ። ዳንፎርዝና ከዚያ ወደ ምሥራቅ ያላችሁ፣ የሚወስደው ያጣ ወላጅ ካላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፤ በር ላይ መጥቼ እወስዳለሁ፣ እመልሳለሁም። ሌላ መኪና ያላችሁ ደግሞ ከታች ሰፈራችሁን ጻፉ።