ቢከን አይሰልልህም፣ አፕህን ጠይቀው

ወንድሜ፣ አያት አካባቢ አዲሱ ሕንፃ ውስጥ ግድግዳ ላይ የተለጠፉትን፣ ቢከን የሚባሉትንና በብሉቱዝ ሲግናል የሚልኩትን ትንንሽ ነጭ ዕቃዎች «ብሉቱዝ የከፈተን ሰው ስምና ስልክ ቁጥር ይለቅማሉ» ብለሃል። ልክ አይደለም። ብዙ ሰው እንደዚያ ስለሚያስብ አልፈርድብህም።

የታክሲ ረዳት አስብ። «መገናኛ፣ መገናኛ!» እያለ ይጣራል እንጂ የሚሰማው ማን እንደሆነ አያውቅም። ቢከንም እንደዚያ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣውን አይቢከን የተባለ የቢከን አሠራር ብትወስድ፣ የሚልከው 16 ባይት መለያ፣ ሁለት ተጨማሪ ቁጥሮችና ርቀት ለመገመት የምትረዳ አንዲት የሲግናል ልክ ነው፤ ስለ አንተ አንዲት ፊደል የለበትም። ቁጥሩን ሰምቶ «እዚህ ቅናሽ አለ» የሚልህ ስልክህ ላይ የጫንከው አፕ ነው። የት እንደዋልክ የሚመዘግብም ካለ እሱ ነው፣ ስለዚህ የሎኬሽን ፈቃዱን እዚያ ተመልከት።

ደግሞ «የት እንደቆምክ በሴንቲሜትር ያውቃል» ያልከው አሳቀኝ። እኔ እነዚህን ነገሮች ስተክል ኖሬአለሁ። ሲግናሉ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ስለሆነ የሰው ገላ ውስጥ ያለው ውኃ ይመጥጠዋል፣ ቅዳሜ ሰው ሲግተለተል ሦስት ሜትር ላይ ያለው ስምንት ሜትር ይመስላል። አንዴማ ቀለም ቀቢዎች አንዱን ቢከን ነቅለው ሌላ ፎቅ ላይ መልሰው ለጠፉትና፣ መንገድ የሚመራው አፕ ተሳስቶ ፋርማሲ የሚፈልገውን ሁሉ ካፌ ስናስገባ ሰነበትን። ባትሪውም ሳይነግርህ ያልቃል።