የአቫኖስ ሸክላ ሰማያዊ አይደለም

ወንድሜ፣ ጽሑፍህ ደስ ይላል፤ አንድ ነገር ግን ላርም። ቱርክ ውስጥ አቫኖስ ላይ የገዛኸውን ባለ ሰማያዊ አበባ ነጭ ሳህን «ከኬጢያውያን ዘመን የወረደ የከተማዋ ጥበብ» ብለኸዋል፤ ኬጢያውያን በጥንት ዘመን ያንን አገር የገዙ ሕዝብ ናቸው። ሱቁ ሁሉ በእሱ ስለተሞላ ብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል።

የሳህኑ ዘር ግን በምዕራብ ቱርክ ካሉት ከኢዝኒክና ከኩታህያ ከተሞች ነው። የኢዝኒኩ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በኦቶማን ቤተ መንግሥት ድጋፍ የገነነ ነው። ገላው በአብዛኛው ኳርትዝ የሚባል ድንጋይ ተፈጭቶ ስለሆነ ይነጣል።

የአቫኖስ የራሷ ሸክላ ሌላ ነው። የኪዚልኢርማክ ወንዝ ዳር አፈር ብረት አለበት፤ ሲተኮስ ይቀላል። ሠሪው መንኮራኩሩን በእግሩ እየመታ እንስራና ማሰሮ ያወጣበታል። የሚያብረቀርቅ ልባስ የለውም። ስትዳስሰው ይሻክራል፣ ውሃ ሲይዝ ያልበዋል፤ ውሃውን የሚያቀዘቅዘውም ይኸው ላብ ነው። በኬጢያውያን ዘመን እዚያ አካባቢ ሸክላ ይሠራ እንደነበር ልክ ነህ። ሳህንህም ያምራል፣ እሱን አልክድም።