ዘግይቶ የደረሰ ጨው

የታሪክ ወዳጆች ሲሰባሰቡ ከማይጠግቧቸው ጨዋታዎች አንዱ «እንዲህ ቢሆን ኖሮ» ነው። ስለ ሜክሲኮ ሲነሳ ደግሞ ጨዋታው ሁልጊዜ ከአንድ ሌሊት ይጀምራል። ጁን 30 ቀን 1520 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) የስፔኑ ወራሪ ጦር መሪ ሄርናን ኮርቴስና ወታደሮቹ በሐይቅ መካከል ከተቆረቆረችው የአዝቴኮች ዋና ከተማ ከቴኖችቲትላን በጨለማ ሾልከው ሊወጡ ሲሉ ተደረሰባቸው። በሐይቁ ላይ በተሠራው ጠባብ መንገድ ከግራና ከቀኝ በታንኳ ተከበቡ። ስፔናውያኑ በመቶዎች፣ አብረዋቸው የነበሩት የትላስካላ ተዋጊዎች በሺዎች አለቁ። የዘረፉትን ወርቅ በጉያቸው የሸከፉት ቀድመው ሰጠሙ ይባላል። ኮርቴስ ግን ተረፈ። ፈረሱ ተሰናክሎ ቢሆን ኖሮ፣ አንዲት ዱላ ጠንከር ብላ አርፋበት ቢሆን ኖሮ፣ አዝቴኮች ዛሬም በአገራቸው ነገሥታት ነበሩ ይላሉ ተጫዋቾቹ።

እኔ ይህ አካሄድ አይጥመኝም። ኮርቴስ ቢሞት ሌላ ኮርቴስ ይመጣ ነበር። እንዲያውም መጥቶ ነበር፤ በዚያው ዓመት ፓንፊሎ ዴ ናርቫኤዝ ወደ 900 የሚጠጉ ሰዎች ይዞ ከኩባ የተሻገረው አዝቴኮችን ሊወጋ ሳይሆን ኮርቴስን አስሮ ቦታውን ሊወስድ ነው። የጃማይካው ገዥ ፍራንሲስኮ ዴ ጋራይም በሰሜን በኩል በፓኑኮ ወንዝ አካባቢ የራሱን መርከቦች ይልክ ነበር። ዋናው ነገር ደግሞ ወርቁ አውሮፓ ደርሷል። ኮርቴስ ቁስሉን እያሰረ በሚሸሽበት በዚያ ክረምት ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብሬሽት ዱረር ብራስልስ ላይ ከሜክሲኮ የተላከውን የወርቅ ፀሐይና የብር ጨረቃ በዓይኑ አይቶ ይደነቅ ነበር። ይህን ያየ ቤተ መንግሥት በአንድ ሰው ሞት ተስፋ አይቆርጥም።

እውነተኛው የመንገድ መለያያ ያለው በሐይቁ ላይ ሳይሆን ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት፣ ትላስካላ ውስጥ ነው። ትላስካላ በአዝቴክ ግዛቶች ተከብባ ለአሥርተ ዓመታት ሳትገብር የኖረች አገር ናት። የተከበበ ሰው ምን እንደሚያጣ ለማወቅ ገበታውን ማየት ይበቃል፤ የትላስካላ ሰዎች ጨው አልነበራቸውም። ጥጥም አልነበራቸውም። የንግድ መንገዱ ተዘግቶባቸው አልጫ እየበሉ አንድ ትውልድ አሳልፈዋል። በ1519 ስፔናውያን ሲመጡ መጀመሪያ ተዋጓቸው፤ ቀጥለው ግን መዘኑና ወዳጅ አደረጓቸው።

ኮርቴስ በጁላይ 1520 ተሸንፎ፣ ቆስሎ፣ መድፉን ሁሉ አጥቶ ደጃፋቸው ሲደርስ በእጃቸው ነበር። አዲሱ የአዝቴክ ንጉሥ ክዊትላዋክ ይህን ተረድቶ ስድስት መልእክተኞች ላከ። ይዘውት የመጡት እጅ መንሻ ጥጥ፣ ላባና ጨው ነበር። ጨው! ያን ሁሉ ዘመን የከለከሉትን ጨው ተሸክመው፣ «ያለፈውን እንርሳ፣ እንግዶቹን አብረን እናጥፋ» ሊሉ መጡ።

ምክር ቤቱ ተከፈለ። ወጣቱ የጦር አለቃ ሺኮቴንካትል ጥሪውን እንቀበል አለ። ሽማግሌው ማሺሽካትሲን በዚህ ተቆጥቶ ወጣቱን ከመድረኩ ደረጃ ገፍቶ እንደጣለው ይተረካል። ሽማግሌዎቹ አሸነፉ። ልወቅሳቸው አልደፍርም። ከባሕር ማዶ የመጣውን ሰው የሚያውቁት አንድ ዓመት ያህል ነው፤ የጎረቤታቸውን በደል ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ። ያ ጨው በዓይናቸው ድንጋይ ቢሆን ምን ይገርማል?

እንግዲህ ሺኮቴንካትል ቢሰማ ኖሮ እንበል። ኮርቴስ ያኔ ያበቃለታል፤ የሚሞተው ደግሞ እንደ ጀግና ሳይሆን እንደ ሽፍታ ነው። ኮርቴስ ከኩባ የወጣው የደሴቲቱ ገዥ ዲዬጎ ቬላስኬዝ ሹመቱን ከሰረዘበት በኋላ ስለነበር፣ ከወንጀሉ የሚያነጻው ድል ብቻ ነበር። (ሰውየው ከተማይቱን ካጣ በኋላ በኦክቶበር ለንጉሡ በጻፈው ደብዳቤ አገሪቱ «አዲሲቱ ስፔን» ትባል ብሎ ሐሳብ አቅርቧል። ድፍረቱ ያስቀናል።) ቴኖችቲትላንን ከሐይቁ በኩል ያነቋት 13 መርከቦችም አይኖሩም ነበር። የተሠሩት ከትላስካላ እንጨት ነው፤ ከተሠሩም በኋላ ተፈታትተው በሺዎች በሚቆጠሩ የአገሬው ሰዎች ትከሻ ተራራ አቋርጠው በሐይቁ ዳር ወዳለችው ወደ ቴስኮኮ ደረሱ። ያለ እነርሱ ሐይቁ የአዝቴክ ታንኳዎች ሆኖ ይቀር ነበር፤ የኦገስት 13 ቀን 1521 ውድቀትም አይኖርም።

ፈንጣጣው ግን ይቀራል። በሽታው ከናርቫኤዝ መርከቦች ወርዶ ስለነበር የትላስካላ ምክር ቤት ምንም ቢወስን አይመልሰውም። ማሺሽካትሲንንም ክዊትላዋክንም ገድሏል፤ ንጉሡ በዙፋኑ ላይ የቆየው 80 ቀን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የአዝቴክ ድል የሚከበረው ሬሳ በሚቀበርበት ሰሞን ይሆን ነበር። ቢሆንም ታሞ ቤት ውስጥ መተኛትና ታሞ በረሃብ፣ ያለ ንጹሕ ውኃ፣ በጦርነት መሃል መተኛት አንድ አይደሉም። ያልተከበበች ከተማ ብዙ ሰው ታጣለች፤ የሚያርስና የሚያስታምም ግን ይተርፋታል።

ሁለተኛው ዘመቻ ሲመጣስ? እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች በአእምሮዬ ይሟገታሉ። በእውን በሆነው በ1521ዱ ከበባ ወቅት አዝቴኮች አንድ የስፔን መድፍ ማረኩና ወስደው ሐይቁ ውስጥ ጣሉት። ባሩድና ተኳሽ በሌለበት መድፍ ምን ያደርጋል፣ ጠላት እንዳይመልሰው ከማስጠም ሌላ? በሌላ በኩል ግን እነዚያው ሰዎች የማረኳቸውን ሰይፎች ረጅም እንጨት ላይ አስረው ፈረስ መውጊያ አድርገዋቸዋል፤ ለመርከቦቹም በሐይቁ ውስጥ ሹል ግንድ ተክለው ጠብቀዋል። ይህ ሁሉ በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። ሃያ ዓመት ቢያገኙ ኖሮ?

ሃያ ዓመት ያገኘ ሕዝብ ምን እንደሚሠራ ከቺሌ ማየት ይቻላል። ከአገሬው ተወላጆች ከማፑቼዎች ወገን የሆነው ላውታሮ የስፔናዊው ገዥ የፔድሮ ዴ ቫልዲቪያ ፈረስ ጠባቂ ነበር። የፈረስን ነገር ተምሮ ጠፋ፤ በ1553 ቱካፔል ላይ የቀድሞ ጌታውን ድል አደረገ፤ ቫልዲቪያም ተገደለ። ማፑቼዎች ራሳቸው ፈረሰኛ ሆኑ። በ1598 ሌላ ገዥ ገደሉ፤ በ1641 ስፔን የቢዮቢዮን ወንዝ ድንበር አድርጋ ከእነርሱ ጋር ተዋዋለች። ማፑቼዎች ግን ከላይ የሚያዛቸው አንድ ንጉሥ አልነበራቸውም፤ የሚማረክ ንጉሥም፣ የሚያኮርፍ ገባርም የለም። አዝቴኮች ሁለቱም ነበራቸው። ኮርቴስ ባይኖርም ለአዝቴኮች ይገብሩ የነበሩት ቶቶናኮች ግብሩን ይጠሉት ነበር፤ በቴስኮኮም ልዑሉ ኢሽትሊልሾቺትል በወንድሞቹ ላይ እንዳደመ ነበር።

ስለዚህ በእኔ ግምት የሚተርፈው ያ ትልቁ የአዝቴክ ግዛት አይደለም። የሚተርፉት በሐይቁ ዙሪያና በደጋው ላይ የተበታተኑ፣ ፈረስ የሚያረቡ፣ ከአንዱ የአውሮፓ ነጋዴ ባሩድ እየገዙ ሌላውን የሚያባርሩ፣ ምናልባትም በራሳቸው ምርጫ ክርስትናን የተቀበሉ ጥቂት መንግሥታት ናቸው። ስፔን ደግሞ በቬራክሩዝ ወደብ ግንብ ሠርታ ትነግዳለች፣ ትዋዋላለች፣ ትከዳለች።

ሺኮቴንካትል የዚህን ታሪክ መጨረሻ አላየም። በ1521 የቴኖችቲትላን ከበባ ሊጀመር ሲል ሠራዊቱን ጥሎ ወደ አገሩ ሲመለስ ተያዘ፤ ኮርቴስም በስቅላት አስገደለው። አሳልፈው የሰጡት የገዛ ወገኖቹ ናቸው።