እናትየው በር ላይ ቀሩ

የማውቃቸው አንዲት እናት አሉ፣ እዚሁ ሰሜን ቨርጂኒያ። ባለፈው ዓመት ልጃቸው ሦስት ሌሊት ሳይተኛ ከራሱ ጋር ሲያወራ ከረመና ፖሊስ መጥቶ ሆስፒታል ወሰደው። እሳቸውም ታክሲ ይዘው ተከተሉ። ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ “እዚህ ይጠብቁ” ተባሉ። አምስት ሰዓት ጠበቁ። ልጃቸው መውሰድ ያቆመው መድኃኒት ከነጠርሙሱ ቦርሳቸው ውስጥ ነበር። የተጠየቁት ግን የኢንሹራንስ ካርድ ብቻ ነው።

ያን ቀን በስቴቱ ሕግ መሠረት ልጃቸው አጠገብ መቀመጥ ይችሉ ነበር። አላወቁም። የነገራቸውም የለም።

ይህ ሕግ ከየት መጣ? ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

ክሪ ዲድስ የቨርጂኒያ ሴናተር ናቸው። የ24 ዓመት ልጃቸው ገስ አእምሮው ታሞ ኖቬምበር 18 ቀን 2013 ተመረመረ። ሆስፒታል መተኛት አለበት ተባለ፤ አልጋ ግን ጠፋ። ያኔ ሰው በግዳጅ የሚቆየው ቢበዛ 6 ሰዓት ነበር። ሰዓቱ አለቀና ወደ ቤት ተመለሰ። በማግስቱ ጠዋት አባቱን በስለት ደጋግሞ ወጋ፣ ከዚያ ራሱን ገደለ። በኋላ ሲጣራ ብዙም ሳይርቅ ባዶ አልጋ የነበራቸው ሆስፒታሎች ተገኙ።

ዲድስ ጠባሳቸውን ፊታቸው ላይ ይዘው ሪችመንድ ወዳለው ምክር ቤት ተመለሱ። በ2014 ሕጉ ተቀየረ። 6 ሰዓቱ 8 ሆነ። ባዶ አልጋ የሚመዘገብበት የጋራ የኮምፒውተር መዝገብ እንዲኖር ተደረገ። ዋናው ለውጥ ግን ሌላ ነው። ሰዓቱ አልቆ ሌላ ቦታ አልጋ ካልተገኘ፣ የስቴቱ የአእምሮ ሆስፒታል “ሞልቷል” ብሎ መመለስ አይችልም።

ጥሩ ሕግ ነው። ግን ሕጉ ነርስ አይቀጥርም። የስቴቱ ሆስፒታሎች ከዓመት ዓመት እየተጨናነቁ ሄዱ። ሠራተኛው ተሰላቸ፣ ለቀቀ። በጁላይ 2021 ከ8ቱ የአዋቂዎች ሆስፒታሎች 5ቱ በሠራተኛ እጥረት አዲስ ታካሚ መቀበል ለጊዜው አቆሙ። “አይሆንም” ማለት የማይችሉት ናቸው “አይሆንም” ያሉት። ታካሚው ታዲያ የት ይሂድ? ድንገተኛ ክፍል፣ ኮሪደር ላይ፣ አንዳንዴ ለቀናት፣ ፖሊስ አጠገቡ ቆሞ። ከፖሊሱ ሌላ በወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው “ሲተር” ደግሞ ብዙ ጊዜ የኛው ሰው ነው። የአሜሪካ ሥራችንን እዚያ ወንበር ላይ የጀመርን ጥቂት አይደለንም።

ከዚያ የኢርቮ ኦቲየኖ ነገር መጣ። ኬንያ ተወልዶ በሕፃንነቱ ቨርጂኒያ የመጣ የ28 ዓመት ወጣት ነው። በማርች 2023 ሕመሙ ተነሳበት፤ ፖሊስ ሆስፒታል ወሰደው። እናቱ ካሮላይን ኡኮ ተከትለው ሄዱ፤ አጠገቡ እንዲሆኑ አልተፈቀደላቸውም። ከሆስፒታሉ ወደ እስር ቤት ተወሰደ። ከ3 ቀን በኋላ እጅና እግሩ ታስሮ ፒተርስበርግ ወዳለው ሴንትራል ስቴት ሆስፒታል አመጡት። እዚያ የሸሪፍ ፖሊሶችና የሆስፒታሉ ሠራተኞች ወለል ላይ እንደተጫኑት ሞተ። የአስከሬን ምርመራው “ታፍኖ ነው” አለ። 10 ሰው ተከሰሰ፣ የአብዛኞቹ ክስ ግን ተነሳ።

ከዚህ በኋላ በ2024 በስሙ የሚጠራ ሕግ ወጣ። ሰው በግዳጅ ተይዞ ሆስፒታል ሲገባ፣ እዚያ የተገኘ የቤተሰቡ አባል አብሮት እንዲሆን ሆስፒታሉ ይፈቅዳል። ታካሚው ራሱ ካልፈለገ ወይም የቤተሰቡ መኖር ለሕክምናው ወይም ለደህንነት የሚያሰጋ ከሆነ ግን ይቀራል።

እኔን የሚያሳስበኝ ይቺ “የሚያሰጋ” የምትለዋ ነገር ነች። ማን ነው የሚወስነው? እኛ ደግሞ ሰው ሲታመምብን እንዴት እንደምንሄድ ይታወቃል። አንድ ሰው አይሄድም፣ ስምንት ሰው ነው። አክስት ታለቅሳለች። አጎት ድምፁን ከፍ አድርጎ ያስረዳል። አንዷ ጸበል በፕላስቲክ ይዛ መጥታለች። ለኛ ይሄ ፍቅር ነው። በር ላይ ለቆመው ጥበቃ ግን ረብሻ ነው። ስለዚህ ሕጉ ላይ አንድ ነገር ቢጨመር እላለሁ። ቤተሰብ ሲከለከል ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠው። ጽፎ መፈረም ካለበት ሰው ዝም ብሎ አይከለክልም።

እኛም ብንሆን ሁለት ሰው መርጠን እንግባ፣ ሌላው ውጭ ይጠብቅ። ጸበሉም አይቅር፤ የመድኃኒቱ ጠርሙስ ግን ይቅደም። ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። “የታካሚ ምስጢር ነው” ሲሉን ተስፋ ቆርጠን እንመለሳለን። ሐኪሙ ለእኛ መናገር ላይችል ይችላል። እኛ ለሐኪሙ እንዳንናገር የሚከለክል ሕግ ግን የለም። መቼ እንደጀመረው፣ ምን እንዳቆመ፣ ራሱን እጎዳለሁ ብሎ እንደሆነ ንገሯቸው። አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብም የሆስፒታሉ ግዴታ ነው። የ14 ዓመት እህቱ አታስተርጉም፤ እባካችሁ።

የመጠጥና የዕፅ ሱስ ላይ ስንደርስ ዝምታችን ይብሳል። “አእምሮውን ታሟል” ማለት ከከበደን፣ “ሱስ ይዞታል” ማለት ጭራሽ አይታሰብም። “ትንሽ ይጠጣል” ነው የምንለው። የቨርጂኒያ ሕግ ድንገተኛ ክፍል ያለው ሆስፒታል ሁሉ በሱስ ምክንያት ለሚመጣ ሰው የምርመራ ሥርዓት እንዲኖረው ያዛል። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው መንግሥት የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ፣ ሜዲኬይድም፣ ከኤፕሪል 2017 ጀምሮ የሱስ ሕክምናን ሰፋ አድርጎ ይከፍላል። በተግባር ግን የማየው ሌላ ነው። የሰከረው ሰው ጥርት እስኪልለት ይተኛል፣ ጥርት ሲልለት አንድ ወረቀት ተሰጥቶት ይሸኛል። ወረቀቱ ላይ ያለውን ስልክ የሚደውል ስንቱ ነው? ቤተሰብ አጠገቡ ቢኖር ቢያንስ ወረቀቱን የሚቀበል ሌላ እጅ ይኖር ነበር።

ምክር ቤቱ በየጃንዋሪው ሪችመንድ ይሰበሰባል። ከአሌክሳንድርያና ከፌርፋክስ የተመረጡት ድምፃችንን ሲፈልጉ ምግብ ቤታችን ድረስ መጥተው እንጀራ በልተዋል። የአልጋና የነርስ በጀት ገንዘብ ይጠይቃል፣ ይገባኛል። እኔ የምለው ግን ሳንቲም የማያስወጣ ነው። ድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ በአማርኛ “አብረው የመግባት መብት አለዎት” የሚል አንድ ወረቀት ይለጠፍ። ትርጉሙን እኔ በነጻ እሠራለሁ።