«የማን ናት?»

እናቴ ካምብሪጅ ልትጠይቀኝ በመጣች በሦስተኛው ቀን፣ ገበያ ስንሄድ ሚድሰመር ኮመን በሚባለው ሜዳ በኩል አቋረጥን። ቀይ፣ ቀንድ የሌላት ላም የብስክሌት መንገዱ ዳር ተኝታ ታመሰኳለች። ብስክሌተኞቹ ዞር እያሉ ያልፏታል። እናቴ ቆም ብላ አየቻትና «የማን ናት?» አለችኝ።

የአንድ ከብት አርቢ ናት፤ ለከተማው ምክር ቤት የግጦሽ እየከፈለ ከኤፕሪል እስከ ኖቬምበር ያሰማራታል አልኳት። «ሜዳውስ?» የከተማው ነው። «እረኛስ የላትም?» እረኛ የለም። መግቢያው ላይ እየተወዛወዘ ራሱን የሚዘጋ በር አለ፤ ለብስክሌት ደግሞ መሬት ላይ የተነጠፈ የብረት ፍርግርግ፣ የላም ሰኮና የማይደፍረው። ላሟ ወንዝ ከገባች የሚጠራው ሰው ፒንደር ይባላል አልኳት። ድሮ የባዘነ ከብት እየሰበሰበ በረት የሚያስገባው ሹም በዚህ ስም ይጠራ ነበር። እናቴ በሩን ሁለት ጊዜ ከፍታ ለቀቀችው፤ ሁለቱንም ጊዜ ራሱ ተዘጋ።

እኔን እዚህ አገር ከሁሉ በላይ የሚያስቀናኝ ሕንፃውም ባቡሩም አይደለም፣ ይህ ሜዳ ነው። ንጉሥ ጆን ገበያ እንዲቆምበት እ.ኤ.አ. በ1211 ፈቀደ፤ ዛሬም በየክረምታችን፣ እነሱ በጋ በሚሉት ጊዜ፣ ባዛሩ ይመጣል፣ ይበተናል፣ ሣሩም ተመልሶ ይበቅላል። ትንሽ ወረድ ብሎ ፓርከርስ ፒስ አለ። ስሙ በ1613 አካባቢ መሬቱን ተከራይቶ ያርስ የነበረ የኮሌጅ ወጥ ሠሪ ስም ነው። ለዛሬው እግር ኳስ መሠረት ከጣሉት አንዱ የሆነው የ1848ቱ የካምብሪጅ ሕግ መታሰቢያ እዚያ ቆሟል። ዙሪያውን ግንብ የለም፣ ቲኬት የሚቆርጥ የለም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጆች ጃኬታቸውን ጎል አድርገው ይጫወታሉ።

በእርግጥ እንግሊዝም የወል መሬቷን በሰላም አላቆየችም። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን ፓርላማው አዋጅ በአዋጅ ላይ እያወጣ ግጦሹን ለባለጸጎች አጠረ፣ ስንቱ ገበሬም ከመንደሩ ተነቀለ። የተረፈው የተረፈው ሰው ስለጮኸለት ነው። ኋላም እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው ሕግ የወል መሬት ሁሉ በመዝገብና በካርታ እንዲሰፍር አዘዘ። ዛሬ በተመዘገበ የወል መሬት ላይ አጥር ማጠርም ሆነ ቤት መሥራት የሚፈልግ፣ ባለቤቱ ራሱም ቢሆን፣ የሚኒስትር ፈቃድ ያስፈልገዋል።

የኛ ሰፈር ሜዳ ግን መዝገብ አልነበረውም። ወንዝ ዳር ነበር፤ ጠዋት በግ ይግጥበታል፣ ከሰዓት ኳስ እንጫወትበታለን፣ ለቅሶ ሲኖር ድንኳን ይተከልበታል። አንድ ቀን አሸዋና ድንጋይ ተራገፈበት። ከዚያ ቆርቆሮ አጥር። ልጆች ሳለን በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮልቀን እናይ ነበር፤ ሣሩ መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ ጠፋ። ትልልቆቹ «ምን ይደረግ፣ የመንግሥት ነው» አሉ። ማን እንደፈቀደ፣ ለማን አቤት እንደሚባል የሚያውቅ አልነበረም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

አዲስ አበባ ዛሬ የሚያማምሩ ፓርኮች አሏት። እንጦጦንም ወዳጅነትንም አይቻለሁ፣ አበባውም ንጽሕናውም ልብ ይሞላል። ግን በበር ተገብቶ፣ ሰዓት ሲደርስ የሚወጣበት ፓርክ ሌላ፣ ሜዳ ሌላ ነው። ጃን ሜዳን አስቡት። ጥምቀት የሚከበርበት፣ ስንቱ ሯጭ አገር አቋራጭ የሮጠበት መስክ፣ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአትክልት ተራ ገበያ ተዛወረበት። ችግሩ እውነተኛ ነበር፣ አልፈርድም። ነገር ግን ገበያው ከተነሣ በኋላ ለ2013 ጥምቀት ቦታውን ለማድረስ ስንት ቆሻሻ መጥረግ እንደነበረበት ያየ ሰው፣ ሜዳ ባዶ ቦታ አለመሆኑን ያውቃል።

ደግሞ ይህን ከፈረንጅ መማር የለብንም። አያቴ የመንዝ ሰው ነበረች፤ ያደገችበት ቤት ክዳኑ ጓሳ ነው። ያ ሣር የሚታጨድበት የጓሳ መስክ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቀሮ በሚባል ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። ሽማግሌዎች ይዘጉታል፤ አንዳንዴ ለሦስት፣ ለአምስት ዓመት ማንም ከብት አያስገባበትም፣ ማጭድ አያነሣበትም። ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል። ለክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ የሚሆነውን ሁሉም ከድርሻው ያጭዳል። የካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ በርስት ላይ የቆመው ቀሮም አብሮ ወደቀ፣ መስኩም እንዳገኘ የሚገባበት ሆነ። ኋላ ግን ያገሬው ሰው ራሱ ተሰብስቦ ጥበቃውን መለሰው፤ ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል።

እንግዲህ ጓሳ ላይ የተቻለው በየቀበሌው ለምን ይቅር? የቀሩትን የሰፈር ሜዳዎች ቆጥሮ፣ ስማቸውንና ድንበራቸውን በካርታ አስፍሮ፣ ጠባቂያቸው ማን እንደሆነ ለነዋሪው ማሳወቅ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ቆርቆሮው ከመጣ በኋላ ግን አይሆንም።

እናቴ ልትመለስ ሁለት ቀን ሲቀራት እንደገና በዚያው በኩል ሄድን። የበሩን ማስታወቂያ አንብብልኝ አለች። ስለ ላሞቹ ነው፣ ችግር ከተፈጠረ የሚደወልበት ስልክ ተጽፎበታል አልኳት። «ቢደውሉ ያነሣሉ?» አለች። ያነሣሉ አልኳት። ላሞቹ ያን ቀን ወንዙ ዳር ነበሩ፤ ቆማ ቆጠረቻቸው።