እርማት፦ እያንዳንዱን መልእክት ከሁሉም ጥያቄ ጋር ማመሳከር ግድ አይደለም

ወንድሜ፣ ለጎጃም ገበሬዎችና ነጋዴዎች የእህል ዋጋ በስልክ ስለማድረስ ስትጽፍ፣ «ተመዝጋቢ ሲበዛ እያንዳንዱ መልእክት ከሁሉም ጥያቄ ጋር አንድ በአንድ መመሳከር አለበት፤ ሰርቨር ከመጨመር ሌላ መላ የለም» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ ግን ልክ አይደለም።

በተለመደው ዳታቤዝ ኢንዴክስ (የተፈለገውን ሁሉንም ሳያገላብጡ በቶሎ የሚያገኙበት ማውጫ) የሚሠራው ለመረጃው ነው። እዚህ ግን ተቀምጠው አዲስ የዋጋ መልእክት የሚጠብቁት ጥያቄዎቹ፣ ማለትም ተመዝጋቢዎች «ይህን ንገሩኝ» ብለው ያስመዘገቧቸው ናቸው። ስለዚህ ኢንዴክሱም ለእነሱ ይሠራል። «ጤፍ፣ ቡሬ» ያሉ ሺህ ሰዎች ቢኖሩ ያ ሁኔታ የሚፈተሸው አንዴ ብቻ ነው። የደብረ ማርቆስ የበቆሎ ዋጋ ሲመጣ ደግሞ የቡሬ ጤፍ ጠባቂዎች ጨርሶ አይነኩም። «ዋጋው ከዚህ ሲያልፍ ንገሩኝ» ላሉትስ? ገደቦቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደረደራሉ፤ ፍለጋው የት ላይ እንደሚቆም ወዲያው ይታወቃል።

መልእክቱ በኤክስኤምኤል (መረጃን በመለያ ምልክቶች በሚያደራጅ የጽሑፍ ቅርጽ) ሲመጣም ያው ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. የቀረበው ኤክስፊልተር የተባለው ሥርዓት ጥያቄዎቹን ወደ አውቶማታ (መልእክቱን እያነበቡ ከደረጃ ወደ ደረጃ ወደሚሸጋገሩ ማሽኖች፤ ነጠላው አውቶማተን) ይለውጣል። ከእሱ በኋላ የመጣው ዋይፊልተር ደግሞ የጋራ መነሻ ያላቸውን በአንድ አውቶማተን ያዋህዳል። እኔ በጣም የምወደው ይሄኛውን ነው።

እርግጥ መልእክቱ ለብዙ ሰው ከተስማማ፣ መላኩ ራሱ ጊዜ ይወስዳል። ያንን ኢንዴክስ አያስቀረውም። ሰርቨር ከመግዛትህ በፊት ግን እባክህ የማዛመጃውን ኮድ እየው።